ቀኔን ጉዳይና ካርቱን ጨረሱት

የዛሬውን ደብዳቤ የላከችልኝ «ቀኔ የት ገባ» ብላ ራሷን የጠራች እህታችን ናት። ረዘም ያለ ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ አስቀምጣለሁ።

«የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ከእናቴና ከ9 ዓመት ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። ቤት ሆኜ በኮምፒውተር የጽሑፍ እርማት ሥራ እሠራለሁ። በበጋ ሥራው ስለሚቀንስ የምሠራውም የሚከፈለኝም የግማሽ ቀን ነው። ዘንድሮ ለራሴ ጊዜ አገኛለሁ ብዬ ተደስቼ ነበር። የትናንቱን ቀን ልንገርዎት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ገና ሳልጀምር እናቴ መድኃኒቷ ማለቁን ነገረችኝ፤ ሄድኩ። ተመልሼ ትንሽ እንደሠራሁ የወንድሜ ጫማ ከሚሰፋበት መምጣት እንዳለበት ትዝ አለኝ። በጠራራ ፀሐይ ሄድኩ፤ አልደረሰም ተባልኩ። ስመለስ ባንክ ገባሁ፤ ሰልፉ አይጣል ነው። ከምሳ በኋላ ሥራዬን ስቀጥል ከመሥሪያ ቤት ‹ዛሬውኑ ይድረስ› የሚል ሌላ ሥራ መጣ። 11 ሰዓት ላይ ለጫማው እንደገና ወጣሁ። ከራት በኋላ ልብስ እያጠፍኩ፣ ስልኬን እያየሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደውን ቶምና ጄሪ ከፈትኩ። አንድ ብቻ ብዬ እስከ እኩለ ሌሊት አየሁ። እናቴ ‹ትልቅ ሰው ሆነሽ ካርቱን!› ትለኛለች። ወንድሜ አብሬሽ ካላየሁ ይላል። እኔ ስተኛ ይቆጨኛል። በጋው እንዲሁ ሊያልቅ ነው። ካርቱን ማየቱን ልተው? ወይስ ችግሬ ሌላ ነው?»

ውድ «ቀኔ የት ገባ»፣

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ካርቱኑን አትተዪው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ቀንሽን ካርቱን እንደበላው የሚያሳይ ነገር አላገኘሁበትም። ካርቱኑ የመጣው ቀኑ ካለቀ በኋላ ነው። ቀኑ ያለቀው መንገድ ላይ ነው። ሌሊትሽን ግን ወስዶታል፤ እሱን ማለፍ አልፈልግም። ስለዚህ ስለ ሁለቱም እናወራለን። ከማታው ልጀምር፤ የሚቆጭሽ እሱ ስለሆነ።

«ልብስ እያጠፍኩ፣ ስልኬን እያየሁ» ያልሽው ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እጅሽ ልብሱ ላይ ነው። ዓይንሽ አንዴ ስልኩ ላይ፣ አንዴ ስክሪኑ ላይ ነው። ልብሽ ደግሞ «አሁን አንድ ቁም ነገር መሥራት ነበረብኝ» እያለ ይከስሻል። እንዲህ ሆኖ የታየ ካርቱን ታየ አይባልም። ሰዓቱ ይሄዳል፣ አንቺ ግን ፈታ አላልሽም። ፈታ ስላላልሽም «አንድ ልጨምር» ይመጣል። ከዚያ ሌላ አንድ። እስከ እኩለ ሌሊት የሚያስቀምጥሽ የካርቱኑ ፍቅር አይመስለኝም። አንዱንም በቀልብሽ አለማየትሽ ነው።

ይህ የአንቺ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሊዮናርድ ራይኔኬ የተባሉ ተመራማሪና ሁለት ባልደረቦቻቸው ከ400 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ከሥራ ወይም ከትምህርት በኋላ ቴሌቪዥን ስታዩ ወይም ጌም ስትጫወቱ ምን ይሰማችኋል ነበር ጥያቄው። አብዝቶ የደከማቸው ሰዎች ማየታቸውን ራሱን ከሥራ እንደመሸሽ ይቆጥሩት ነበር። ስለዚህ ይጸጸታሉ። የተጸጸቱት ደግሞ ከማየታቸው ያገኙት እረፍት አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። እስቲ አስቢው፤ እረፍት አጥብቆ የሚያስፈልገው ሰው ነው ከእረፍቱ ትንሽ የሚያገኘው። ቀኑን ሙሉ ላይ ታች ስትዪ ውለሽ ማታ አረፍ ባልሽበት ሰዓት ራስሽን የምትወቅሺ ከሆነ፣ ድካሙም ጸጸቱም እንዳሉ ለነገ ይተላለፋሉ።

ለዚህ የማውቀው መድኃኒት ለካርቱኑ የራሱን ሰዓት መስጠት ነው። ተሰርቆ የታየ ነገር ሁልጊዜ ይቆጫል። ሰዓት ተቆርጦለት፣ «ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት የኔ ነው» ተብሎ የታየ ግን የቀኑ አካል ይሆናል። ልብሱ ከዚያ በፊት ይታጠፍ፣ ወይም ለነገ ይደር። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ለግማሽ ሰዓት ማንም ባያገኝሽ የሚፈርስ ነገር የለም።

የቶምና ጄሪ የቆዩት ፊልሞች እያንዳንዳቸው 7 ደቂቃ ገደማ ናቸው። ሦስቱን ብታዪ 20 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ ከመክፈትሽ በፊት ሦስቱን ምረጪ። ምርጫው ከመቀመጥሽ በፊት ይለቅ። አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩን በራሱ የሚያስጀምረውን ነገርም ከሴቲንግ ገብተሽ አጥፊው። ይህቺ ትንሽ ነገር ብዙ ትረዳለች። አሁን የምትጨምሪው ወስነሽ አይደለም፤ ሳትወስኚ ይጀመርልሻል። ሲጠፋ ግን ስክሪኑ ዝም ይላል፣ አንቺም «ይበቃል ወይስ ልቀጥል?» ብለሽ ራስሽን ለመጠየቅ ጊዜ ታገኛለሽ።

አሁን ወደ እናትሽ ንግግር ልምጣ። «ትልቅ ሰው ሆነሽ ካርቱን!» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ቤት አለ። ከአክብሮት ጋር ልቃወመው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከታሪኩ ጋር አይገጥምም።

ቶምና ጄሪ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። የፈጠሩት ዊልያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ ናቸው። ያኔ እንዲህ ያሉ አጫጭር ካርቱኖች የሚታዩት ሲኒማ ቤት፣ ከዋናው ፊልም በፊት ነበር። ትኬት ቆርጦ የገባ ትልቅ ሰው ሁሉ ያያቸዋል፣ ይስቅባቸዋል። ለዚህም ነው በሁለቱ ሰዎች ዘመን 7 ኦስካር ያገኙት። በመጀመሪያው ፊልም ላይ ድመቱ ቶም እንኳ አይባልም ነበር፤ ስሙ ጃስፐር ነበር። እሱን ለወንድምሽ ንገሪው፣ ይገርመዋል።

በኋላም ቢሆን ነገሩ እንደዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 እነዚሁ ሰዎች በድንጋይ ዘመን ስለሚኖር ቤተሰብ የሚያወራውን ፍሊንትስቶንስ ለቴሌቪዥን ሠሩ። የሚተላለፈው ማታ፣ ትልልቆች ከሥራ ገብተው በሚቀመጡበት ሰዓት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጪውን ከሸፈኑት አንዱ የሲጋራ አምራች ነበር። ሲጋራ የሚሸጥ ድርጅት ልጆችን ብሎ ገንዘቡን አያወጣም። የሚያየው ትልቅ ሰው እንደሆነ ያውቃል። ካርቱን የልጅ ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ የሰፋው ከዚያ በኋላ፣ የልጆች ፕሮግራሞች በጠዋት ሰዓት መታጨቅ ሲጀምሩ ነው።

ይህን የምነግርሽ እናትሽን በክርክር እንድትረቺበት አይደለም። እንድታፍሪ አልፈልግም። የምታዪው ነገር ሰዎች ዕድሜያቸውን የሰጡበት የእጅ ሥራ ነው። ፊልም በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ያሳያል። የ7 ደቂቃ ካርቱን ከ10,000 በላይ ፍሬም አለው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያዝ፣ ቢያንስ ወደ 5,000 ሥዕል ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ይህ ሁሉ በሰው እጅ ይሣል፣ በሰው እጅ ይቀባ ነበር። ቶም ጅራቱን በር ሲይዝበት ዓይኑ እንዴት እንደሚፈጥጥ፣ ጩኸቱ ከመውጣቱ በፊት ለአፍታ እንዴት ዝም እንደሚል አይተሽ ታውቂያለሽ? ያቺ ዝምታ ተቆጥራ የገባች ናት። ሳቁን የምታመጣው እሷ ናት። የታወቀው የቶም ጩኸት ደግሞ የራሱ የሃና ድምፅ ነው። ንግግር የለም ማለት ይቻላል፤ የሚናገረው ሙዚቃው ነው። ስኮት ብራድሊ የተባለው አቀናባሪ እያንዳንዱን እርምጃ፣ እያንዳንዱን መውደቅ በመሣሪያ ተከትሎታል። ዓይንሽን ጨፍነሽ አንድ ደቂቃ አዳምጪ፤ ማን እንደሚያባርር፣ ማን እንደተደበቀ ትለዪዋለሽ። ስልክ እያዩ ይሄ ሁሉ አይገኝም።

ወንድምሽ አብሬሽ ልይ ማለቱን እንደ ሸክም አትዪው። የዚህ በጋ ትልቁ ስጦታሽ ይሄ ይመስለኛል። የ9 ዓመት ልጅ እህቱ የምትወደውን ነገር ከእሷ ጋር ማየት ይፈልጋል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቢለምኑትም ላይቀመጥ ይችላል። ከሦስቱ አንዱን እሱ ይምረጥ። የሚያስደስተው ጨዋታም አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1957 የሃናና የባርቤራ የሲኒማ ካርቱን ክፍል ተዘግቶ ወደ ቴሌቪዥን ሲዞሩ ገንዘቡም ጊዜውም አነሰባቸው። ስለዚህ ሥዕል መቆጠብ ጀመሩ። ገጸ ባሕርይው ሲሮጥ ከኋላው ያው መስኮት፣ ያው ዛፍ ደጋግሞ ያልፋል። ሲናገር አካሉ ደርቆ ቆሞ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ያኔ ለቴሌቪዥን የሠሩትን ዮጊ ድብን ተመልከቱት። ሸሚዝ የለውም፣ ግን ኮሌታና ክራባት አለው። ለምን? ኮሌታው ጭንቅላቱን ከአካሉ ስለሚለየው አካሉን እንዳለ ትተው ጭንቅላቱን ብቻ ደግመው ይስሉታል። አንድ ማታ ቶምና ጄሪን፣ በማግስቱ ዮጊን አሳዪውና ልዩነቱን ራሱ ይፈልገው። ያው መስኮት ስንቴ እንዳለፈ ይቁጠር። ከዚያ በኋላ ካርቱን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

አንድ ነገር ግን ከልጁ ጋር ስታዪ ልብ በዪ። በ1940ዎቹ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ላይ ጥቁር ሰዎችን የሚያንቋሽሹ ሥዕሎች አሉ። በዘመኑ እንደ ቀልድ ይቆጠሩ ነበር፤ ዛሬም ዘመኑ ስለነበር ተብለው አይታለፉም። አስቀድመሽ አይተሽ ምረጪ። ድንገት ካጋጠማችሁ ደግሞ ዝም ብለሽ አታሳልፊው፤ አቁሚውና ለምን ስህተት እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪው። በ9 ዓመቱ በደንብ ይገባዋል። መዶሻውና ድማሚቱም የሥዕል ብቻ እንደሆነ መናገር አይከፋም፤ ይሄንን ግን ሳያውቀው አይቀርም።

እናትሽን በተመለከተ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። «ትልቅ ሰው ሆነሽ» የሚሉሽ መቼ ነው? ማታ፣ ሰዓቱ ሲገፋ፣ መብራትሽ ሳይጠፋ ሲያዩት ከሆነ ነገሩ ካርቱኑ ላይሆን ይችላል። እንቅልፍሽ ይሆናል ያሳሰባቸው። እናቶች የሚያስጨንቃቸውን ነገር ሁልጊዜ በስሙ አይጠሩትም። 3 ሰዓት ላይ ዘግተሽ ስትነሺ ቢያዩ ተግሣጹ ራሱ ሊበርድ ይችላል። ካልበረደ አንድ ማታ «እማዬ፣ ነይ አንዱን ብቻ አብረሽን እይ» በያቸው። አትከራከሪ፣ አታስረጂ። ዝም ብለሽ ቦታ ልቀቂላቸው።

ማታው እንዲህ ከተስተካከለ ወደ ቀኑ እንሂድ። ጫማው እንዴት አድርጎ እንደተጫወተብሽ አየሽ? ሁለት ጊዜ ሄድሽ፤ የመጀመሪያው በከንቱ ነው። አንድ ስልክ ይበቃው ነበር፤ «ደርሷል ወይ?» የሚሰፋ፣ የሚጠገን፣ የሚታተም ነገር ሁሉ ሳይደወል አይኬድበትም። ጫማውን ስትሰጪ ቁጥራቸውን ተቀበይ። «መቼ ልምጣ?» ብለሽ የነገሩሽ ቀን ላይ ደግሞ አንድ ቀን ጨምሪ። የሚነግሩሽ ሰዎች ሊዋሹሽ ፈልገው አይደለም፤ ሰው የራሱን ሥራ ጊዜ ሲገምት ብዙ ጊዜ ያሳንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ አንድ ጥናት ላይ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩ ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ተጠይቀው ነበር። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። የወሰደባቸው ግን 55 ቀን ተኩል ነው። አንቺም «ባንክ ገብቼ ብቅ እላለሁ» ስትዪ ያው ነው። ብቅ የሚባልበት ባንክ የለም። ለአንድ ጉዳይ ግማሽ ሰዓት ይበቃል ካልሽ አንድ ሰዓት ያዢለት።

ሌላው ነገር፣ ትናንት ከቤት የወጣሽው ሦስት ጊዜ ነው። መድኃኒቱ፣ ከዚያ ጫማውና ባንኩ፣ ከዚያ እንደገና ጫማው። እያንዳንዱ መውጣት ልብስ መቀየር አለው፣ መንገድ አለው፣ ተመልሶ ላብን ማድረቅና ልብን መሰብሰብ አለው። ሥራሽ ላይ ስትቀመጪ የቆምሽበትን መስመር ፍለጋ እንደገና ትጀምሪያለሽ። እርማት ደግሞ ቀልብ የሚፈልግ ሥራ ነው። ስለዚህ ለጉዳይ ብለሽ በየቀኑ አትውጪ። በሳምንት ሁለት ቀን ለጉዳይ መድቢ፤ ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ። በእነዚያ ቀናት አንዴ ወጥተሽ ሁሉንም እግረ መንገድሽን ጨርሺ። ሰልፍ ያለበት ይቅደም፣ ከባድ ዕቃ የሚያሸክመው መጨረሻ ይሁን። ባንኩን በስልክ መጨረስ የሚቻል ከሆነ ጨርሶ ከመንገዱ ይውጣ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ፀሐይ የምትበረታው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ነው። በጠራራው ሰዓት መሄድሽን ራስሽ ጽፈሽልኛል። ከዚያ ተመልሶ ሰው አእምሮው ንቁ ሆኖ ይሠራል ብዬ አላምንም። ከ10 ሰዓት በኋላ ውጪ፤ የምትሄጂባቸው ቦታዎች እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆኑ ብቻ አስቀድመሽ እወቂ። ወንድምሽን ይዘሽው ሂጂ። የራሱን ጫማ ተሸክሞ ይምጣ።

መድኃኒት ግን ማክሰኞንና ዓርብን አይጠብቅም። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። የእናትሽ መድኃኒት ያለቀ ቀን መፈለግ የለበትም። የአንድ ሳምንት ያህል ሲቀር መገዛት አለበት። የመድኃኒቱን ካርቶን ዛሬውኑ አውጥተሽ የቀረውን ቁጠሪ፤ የሚያልቅበትን ቀን አስልተሽ ከሰባት ቀን በፊት ያለው ቀን ላይ ስልክሽ እንዲያስታውስሽ አድርጊ። ይሄ ለአንቺ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ለእሳቸውም ጤና ነው። መድኃኒት ቤቱ «ዛሬ የለም» ቢልሽስ?

ደግሞም ጉዳዮቹ የሚመጡልሽ ጠዋት፣ ልትሠሪ ስትቀመጪ ነው። ማታ ላይ፣ ካርቱኑ ከመከፈቱ በፊት፣ «ነገ ምን የሚያስፈልግ ነገር አለ?» ብለሽ ሁለቱንም ጠይቂ። የሚሉሽን ወረቀት ላይ ጻፊ፤ በየጎኑ መቼና በየት በኩል እንደምትፈጽሚው ጨምሪበት። መጻፉ ብቻውን አይበቃም፤ መቼ የሚለው ነው ዋናው። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ ያልተጠናቀቀ ጉዳይ ሌላ ነገር ስንሠራ በሐሳባችን እየገባ ይረብሻል። እንዴትና መቼ እንደሚፈጸም ዕቅድ ሲወጣለት ግን፣ ገና ሳይሠራም ቢሆን፣ መረበሹን ይተዋል። ቶምን እያየሽ ጫማው ትዝ የሚልሽ ከሆነ ከዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ «ዓርብ፣ 10 ሰዓት፣ ደውዬ» ተብሎ ከተጻፈ አእምሮሽ ይለቅሻል።

ስለ ሥራሽ ብዙ አልጻፍሽልኝም፤ ግን አንድ ነገር አናዶኛል። የሚከፈልሽ የግማሽ ቀን ነው። ከምሳ በኋላ ግን «ዛሬውኑ ይድረስ» የሚል ሥራ ይመጣል፣ አንቺም ትሠሪዋለሽ። ይሄ የግማሽ ቀን ሥራ አይደለም። የግማሽ ቀን ክፍያ ያለው የሙሉ ቀን ሥራ ነው። አለቆችሽ ክፉ ናቸው አልልም። ምናልባት መቼ እንዳለሽና መቼ እንደሌለሽ ማንም አልነገራቸውም። ነገ ጠዋት አጭር መልእክት ላኪ። እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦ «በበጋው የምሠራው ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። እስከ 5 ሰዓት የደረሰኝን በዕለቱ እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣውን በማግስቱ ጠዋት አስቀድማለሁ። በጣም አስቸኳይ ሲሆን ደውሉልኝ፤ ትርፍ ሰዓቱን አብረን እንይዘዋለን።» ጨዋ ነው፣ ግልጽ ነው፣ በር አልዘጋም። ትርፍ ሰዓት ሲባል ደግሞ አስቸኳይ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ይቀንሳል። እንቢ ካሉ ስለ ክፍያው የምትነጋገሩበት ምክንያት አገኘሽ።

ከ2 እስከ 6 ባለው ጊዜ አንቺም ቃልሽን ጠብቂ። ቤት ያለ ሰው ሥራ ላይ እንዳለ ሰው አይቆጠርም፤ ሁሉም «አንዴ ብቻ» ይላል። ክፍልሽን ዝጊ። ለወንድምሽ ሰዓቱን ግድግዳ ላይ አሳዪው። እናትሽ እስከ 6 ሰዓት የሚቆይ ነገር እንዲያቆዩልሽ ለምኛቸው። ትናንት ጠዋት መድኃኒቱን ማምጣት ነበረብሽ፤ ጫማው ግን እስከ ማታ መቆየት ይችል ነበር።

ይሄ ሁሉ ሆኖ እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ወይም ካርቱኑን ዘግተሽም እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭቱ የሚያስቀምጥሽ ከሆነና ለሳምንታት ከዘለቀ፣ ሐኪም አማክሪ። ከደብዳቤሽ ግን የገባኝ የደከመች ሰው ናት።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱም ለአንቺ ነው። «ዘንድሮ ለራሴ ጊዜ አገኛለሁ ብዬ ተደስቼ ነበር» ብለሻል። ለምን ነበር የፈለግሽው? ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። መድኃኒቱ አለ፣ ጫማው አለ፣ ባንኩ አለ፣ የመሥሪያ ቤቱ መልእክት አለ፤ አንቺ የፈለግሽው ነገር ግን የለም። በጋው እንዲሁ ሊያልቅ ነው የሚለው ስጋትሽ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ቀንሽ ባዶ አልነበረም። እናትሽ መድኃኒታቸውን አግኝተዋል፣ ወንድምሽ ጫማውን አድርጓል፣ ሥራውም በሰዓቱ ደርሷል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንቺ የመረጥሽው ካርቱኑን ብቻ ነው። እሱንም እያፈርሽ አየሽው።

ጉዳዩ ወደ ማክሰኞና ዓርብ ከተሰበሰበ ሌሎች ከሰዓት በኋላዎች ይተርፉሻል። ሁሉንም በአንዴ ለመሙላት አትቸኩዪ። አንዱን፣ ሰኞን በዪው፣ ያዢ። ያኔ ምን ልታደርጊበት ነበር ያሰብሽው? መጽሐፍ ማንበብ ከሆነ ይሁን፣ መተኛትም ከሆነ ይሁን፣ ሥዕል መሞከርም ከሆነ ይሁን። ትልቅ ነገር ካልሆነ ብለሽ አትፈሪ። ሰኞ ከ8 ሰዓት ጀምሮ አድርጊው፤ ከዚያ እንዴት እንደሆነልሽ ጻፊልኝ።